አብሽር፣ ገፍተን እናስነሳዋለን

በወግዲ ዳገት ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ ሚኒቫን የሚነዳ ሰው ለትዕግሥቱ ሽልማት ይገባዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይወጣል፣ መኪናው ግን እንደ ቀበሌ ስብሰባ እዚያው ነው።

ወዲያው ባለሙያዎች ይከቡታል። አንዱ "ባትሪው ነው" ይላል። ሌላው "ፍሪሲዮን ርገጥ እንጂ!" ብሎ ይቆጣል፤ የሌለውን ፔዳል። ሦስተኛው ደግሞ አዛኙ ነው፦ "አብሽር፣ ገፍተን እናስነሳዋለን።" አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም፤ ትርፉ የገፊዎቹ ላብ ነው። ነጂ ጎማዎቹ መሬት እየነኩ እስከ መካነ ሰላም ከተማ ቢጎተትማ የባሰ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮው ፓምፕ ዘይት አይረጭም፣ የተረፈውም የውስጥ ዕቃ በደረቁ ይፋጫል።

ይህ ሁሉ ጉባኤ ሲካሄድ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዞ ያየ የለም። ቀዩ ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ሳያልቁ አልቀሩም። መፍትሔውም ዝግጁ ነው፦ ዘይት መቀየር! ሸራው አመድ፣ ዘይቱ አዲስ። ያ ሳይሆን ሲቀር ካምቢዮው ይፈታል፤ ሲገጠም ብሎን ይተርፋል፤ መካኒኩም "ፋብሪካው አብዝቶት ነው" ይላል። ሸራ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ ድረስ ይኬዳል። ካልተገኘ፣ ከሞተ መኪና የተነቀለ ካምቢዮ ሊሞት ወደተቃረበው ይሸጋገራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ፣ እነዚህ አዛውንት መኪኖች ጡረታ አይወጡም። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት መለኪያውን መዝዛችሁ አሽትቱ።