ነገረ ዖፈ መስቀል
ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብና አደይ አበባ በአጥር ሥር ብቅ ስትል፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከጅጋ ገጠር ጓሮዎች አንድ ዓይነት አቤቱታ ይነሣል፤ ይኸውም ከዚህ በፊት ታይታ የማትታወቅ ወፍ ከማንጎው ጫፍ ወይም ከበቆሎው አገዳ ላይ ታይታለችና ማንነቷ ይመርመርልን የሚል ነው። ወፊቱ ምርመራው ሳይጀመር በርራ ስለምትሄድ፣ ለሊቁ የሚቀርለት ወሬዋ ብቻ ነው።

የምስክርነቱ ሥርዓት በየቤቱ አይለያይም። አስቀድሞ «ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከእርግብ ታንሳለች» ተብሎ መጠኗ ይነገራል፤ ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያ በተመዘገበባት ኢትዮጵያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያድረው ብዙ ስለሆነ፣ ምስክሯ ጉድለቱን በእጇ ልክ ታሟላዋለች፤ ነገሩ በስልክ ሲነገር እንኳ እጇ ከመለካት አይቦዝንም። ቀጥሎ «ጩኸቷስ እንዴት ነው?» ሲባሉ፣ «እንደ ወፍ ነዋ፣ ልጄ!» ይላሉ፤ ይህንንም ቃል የሚያፈርስ ማስረጃ እስከ ዛሬ አልቀረበም። በቀለም ነገር ግን ከተማረው ይልቅ ገበሬው ይታመናል፤ የተማረው «በጣም ታምራለች» ብሎ ሲያልፍ፣ ገበሬው በሬዎቹን በሚለይበት ቋንቋ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ ከአናቷ እስከ ጅራቷ ይተነትናታልና።

ምስክሮቹ ሦስት የሆኑ እንደ ሆነ፣ እንደ ጎጃም መምህራን ልማድ ወደ አንድምታ መግባት ግድ ነው። ጥቁርና ቢጫ ናት፤ አንድም ጥቁርና ደማቅ ቀይ ናት፤ አንድም ጥቁርና ነጭ ሆና ምንቃሯ ቀይ፣ ጅራቷም ከሰውነቷ የረዘመ ነው። ሦስቱም «የመስቀል ወፍ ናት» ብለው ይምላሉ፤ መዓርጉ ለአንድ ዘር ብቻ የተሰጠ ስለማይመስል፣ ሦስቱም እውነት ተናግረዋል የሚለው የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ነው። እነዚህ በሣር ዘር የሚኖሩ አዕዋፍ፣ ሣሩ በሚያድግበትና በሚያፈራበት በመዋለጃቸው ወራት፣ ተባዕቶቹ ብቻ እንዲህ ያለውን ልብሰ መንግሥት ይለብሳሉ፤ ወራቱ ሲያልፍ ያወልቁትና የእንስቲቱን ቡናማ ዝንጉርጉር ይደርባሉ። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ትላለች እየተባለች ለጠፋ ዘመድ ሁሉ መተረቻ የሆነችው ፍጡር ከአካባቢው እምብዛም ሳትርቅ በአጥሩ ላይ ተቀምጣ ስትታማ ትከርማለች። (የሦስተኛው አንድምታ ወፍ እንስቲቱ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ የምትሄድ ስለሆነች፣ በመስቀል ስም ለመጠራት ምግባሯ የሚያበቃት አይመስልም።)

የባሕር ማዶ ሊቃውንትም በዚህ ነገር አልተሳካላቸውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በኅዳር መግቢያ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መስቀል ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ሆኖት ነበር፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ኤርኩምን በሥዕል አስገብቷል፤ ኤርኩም ግን ልብስ የማይለውጥ፣ ለመርማሪ የሚመች ቁም ነገረኛ ፍጡር ነው። ከብሩስ ጉዞ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1764፣ ፓላስ የተባለው ጀርመናዊ የአፍሪካን ምድር ሳይረግጥ ለዚያች ባለ ረጅም ጅራቷ የላቲን ስም አውጥቶላት ነበር፤ ሥራው የቀለለለት በሆላንድ ለሽያጭ ከቀረበ የደረቁ አዕዋፍ ስብስብ ውስጥ ስላገኛት ነው፤ የደረቀች ወፍ ምርመራው ሳያልቅ አትበርርም።

ለተጠራጣሪ የሚቀርበው ፈተና ቀላል ነው። በታኅሣሥ ወር፣ በዚያው አጥር ላይ፣ ያችኑ ወፍ ለዚያችው ምስክር ማሳየት ነው። ጸሐፊው ይህን ፈተና ከአንዲት የተከበሩ ባልቴት ፊት አቅርቦ፣ ስለ ላባ መለወጥ የሚያውቀውን ሁሉ በትሕትና ካስረዳ በኋላ የተቀበለው መልስ ይህ ነው፦ «ይህማ ድንቢጥ ነው፣ ልጄ። እኔ የነገርሁህ የመስቀሏን ነው።»