ምስኪኑ አገናኝ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ኡበር አንጀት የሚበላ ድርጅት የለም። የለንደን ጎዳና በእሱ አፕ በሚጠሩ መኪኖች ተጨናንቆ ይውላል፤ እሱ ግን በትራንስፖርት ሥራ እጁን ነክሮ አያውቅም። ሹፌርና ተሳፋሪ ሲፈላለጉ አየ፣ አሳዘኑት፣ አገናኛቸው። ከሒሳቡ ላይ የሚያነሳት ኮሚሽንም የጽድቁ ምርቃት ናት።

ይህን ደግነት ያልተረዱ ሹፌሮች ዝቅተኛው ደመወዝና የዓመት ፈቃድ ይገባናል ብለው ከሰሱት። ኡበርም አስረዳ፦ እያንዳንዳቸው ባለ ድርጅት ናቸው፤ ውላቸው ከተሳፋሪው ጋር ነው፤ እኔ ወኪል ብቻ ነኝ። የሥራ ክርክር ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰጠው ውሳኔ፣ ለንደን ውስጥ 30 ሺህ ጥቃቅን ድርጅቶች በአንድ መድረክ ተሳስረው ይነግዳሉ መባሉ ሳቅ እንደሚያጭር አልደበቀም።

እውነትም ጉደኛ ነጋዴዎች ነበሩ! ዋጋቸውን ራሳቸው አይተምኑም ነበር። የደንበኛቸውን ስልክ አያውቁም ነበር። ጥሪ ደጋግመው ከገፉ አፑ ይዘጋባቸው ነበር፤ ተሳፋሪ የሚሰጣቸው ኮከብ ካሽቆለቆለ ደግሞ ከነጭራሹ ከገዛ ንግዳቸው ይባረሩ ነበር። የሰፈራችን የቤት ደላላ እንኳ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ አከራዩን ከቤቱ አያስወጣም።

የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 በሙሉ ድምፅ ለሹፌሮቹ ፈረደ። በወሩ ኡበር ከ70 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ሹፌሮች ዝቅተኛውን ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና ጡረታ እንደሚያስከብር አስታወቀ። አንድም ሠራተኛ ከሌለው ድርጅት ይህን ያህል ሠራዊት ወጣ። ደስታው ግን ልክ አለው፦ ፍርድ ቤቱ ሹፌሩ አፑን ከፍቶ ለጥሪ ዝግጁ ከሆነባት ደቂቃ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው ሲል፣ ኡበር መቁጠር የጀመረው ጥሪውን ከተቀበለ በኋላ ነው። መንገድ ዳር የሚጠብቅበት ሰዓትማ የነጋዴው የግሉ ነው።

ካሊፎርኒያ ላይ ይኸው አገናኝ ከመሰሎቹ ጋር ተባብሮ፣ ሹፌሮች እንደ ሠራተኛ እንዳይቆጠሩ ለ2020ው ሕዝበ ውሳኔ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ደመወዝ የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው አይታወቅም።

አማዞንም የዚሁ የምስኪን አገናኞች ማኅበር አባል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንዲት ሴት የላፕቶፕ ባትሪ ፈንድቶ ሲያቃጥላት፣ አማዞን ሻጩ እኔ አይደለሁም አለ። ባትሪው የተቀመጠው በአማዞን መጋዘን፣ የታሸገው በአማዞን ካርቶን፣ ገንዘቡም የተከፈለው ለአማዞን ነበር። ሻጭ የተባለው የውጭ ኩባንያ ፍርድ ቤት አልቀረበም። የይግባኝ ችሎቱ በ2020 ተጠያቂነቱ አማዞንንም ይመለከታል አለ።

ቀልዱ የማያዘልቅበት ቦታም አለ። በኖቬምበር 2021 አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተገደሉ። ልጃቸው ከግድያው በፊት አባቱን ዒላማ ያደረጉ የፌስቡክ ጽሑፎች እንደነበሩና ይነሱልኝ ብሎ ማመልከቱን ገልጾ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የሜታ የመጀመሪያ መልስ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ሥልጣን አለኝ፣ ጉዳዩንም አያለሁ ሲል ወሰነ።