አውቶቡስ ድሮ ቀረ

ወገኖቼ፣ እናንት ከአዘዞ እስከ መተማ ዮሐንስ አቧራ ስትቅሙ ያረጃችሁ የዘመኔ ሰዎች፣ ዛሬ አውቶቡስ አለ ትላላችሁ? አይከልን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ድምፁ አይሰማ፣ ጭሱ አይታይ፤ ሌባ ይመስል ሹልክ ብሎ ገንዳ ውኃ ይገባል። እህል እንኳ ያልተቀመሰበት መንገድ ምኑ መንገድ ነው?

የእኛ ጊዜው መምጣቱን ገና ሁለት ጋራ ሲቀረው ያስታውቅ ነበር። ነጋዴ ባሕር ላይ ውኃው ይንተከተካል፣ እንወርዳለን፤ ራዲያተሩ እስኪበርድ ቡና ይፈላል፣ ዝምድና ይቆጠራል፣ አንዳንዴም ልጃገረድ ትታጫለች። ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ ይውጠዋል፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ይገፋል፣ ያውም ከፍሎ! ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ፍየል ብቻ ሳይወርድ ይደርሳል። ደግሞ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው የሠራብንን ግፍ አልረሳም። የመኪናውን ነገር ግን አታንሱብኝ። ፊያት 682ን፣ ያን ኤንትሬ ያየ ዓይን ከዚያ ወዲያ ምን ሊያይ? ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያለ የማይጠራ መካኒክስ መካኒክ ነው? የዛሬው ላፕቶፕ አንግቶ ይመጣል። ባሌስትራ በመዶሻ ይመከራል እንጂ በላፕቶፕ ይጠየቃል? ጭራሽ ፊያቱም በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተዋህዶ የጭነትና የአውቶቡስ ሥራውን ኢቬኮ አሰኘው። ምን ጎድሎበት?

መርሴዲስ ክቡር ነው፣ አልዋሽም፤ ግን መለዋወጫውን ለመግዛት የሰሊጥ ማሳ መሸጥ ነው። የሆላንዱ ዳፍ በአንበሳ አውቶቡስ ስም አዲስ አበባን አገልግሏል፤ እሰይ፣ አዲስ አበባ ግን ቆላ አይደለችም። ስዊድኖችም ስካኒያችንና ቮልቮአችን በረዶ አይበግራቸውም ይላሉ። ስለ በረዶ ማን ጠየቃቸው? መጋቢትና ሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ስንቀቀል ማሞቂያው ምን ያደርግልናል? ፈረንጅ አውቶቡስን የሚያሞግሰው በውርጭ ተነሥቶ በሰዓቱ ሲደርስ ነው። እኛ ዘንድ ስም የሚያወጣለት የገንዳ ውኃ ጎሚስታና ሽቦ ከኪሱ የማይለየው ረዳት ነው። ኤንትሬም የነገሠው ብሎኑ ከጎንደር እስከ አሥመራ ስለማይጠፋ፣ ሆዱንም ከፍቶ የማያውቀው መካኒክ ስለሌለ ነው።

ማዶ ገላባት ያሉት ደግሞ በእንግሊዙ ቤድፎርድ ሎሪ ይኮሩ ነበር። እኛ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ስንዞር ሱዳን እስከ 1965 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ስለነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድንበር የተሻገረ ሁሉ ጎኑን መቀየር ነበረበት። ያኔ ሹፌር ያስብ ነበር! ዛሬ ወዲህም በቀኝ፣ ወዲያም በቀኝ፤ ጭንቅላት ዛገ።

አሁን የቻይናው ነው። ባለመጋረጃ፣ ባለቴሌቪዥን፤ የአንዱን ስም ስይዝ ሌላው ይመጣል። ሚኒባሱ ዶልፊን፣ አባዱላ ይባላል፤ አይሱዙውም ቅጥቅጥ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ነገ አውቶቡሱም በመብራት ነው ይላሉ። በመብራት! መተማ! ለማራገቢያዬ ያልበቃ መብራት ስድሳ ሰው ይዞ የአይከልን ዳገት ሊወጣ!

ባለፈው ልጄ ጎንደር ሐኪም ቤት ሊወስደኝ በስልክ ወንበር አስያዘልኝ። መናኸሪያ ሳልጋፋ፣ ከረዳት ሳልጨቃጨቅ፣ በመስኮቱ በኩል ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ይህም ጉዞ ተብሎ! ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይነፋብኛል፣ እኔም ስለ ዘመኑ ጮክ ብዬ አማርራለሁ። ረዳቱ ልጅ መጥቶ «አባባ፣ አየሩ ካስቸገረዎ ልዝጋልዎ?» አለኝ።

«ተው፣ እንዳትነካው!» አልሁት። የዛሬ ልጆች የነኩት ነገር መቼ ደኅና ይሆናል?