ነጻ ትኬት፣ ከነታክሱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የአየር መንገዶች ጥምረት የሆነውን ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲህ ሼባ ማይልስ የተባለው የአየር መንገዱ የታማኝ ደንበኞች ፕሮግራም አባል በበረራ ያጠራቀመው ማይል በሉፍታንዛም፣ በዩናይትድም ያስበርረዋል፤ በወረቀት ደረጃ ማለት ነው። በማይል ለሚስተናገዱ የሚለቀቀው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ለገና ሰሞንማ ዲያስፖራው ሁሉ ዓይኑን የጣለበት ነው። ቀንቶት ያገኘው ሰውም ለ«ነጻው» ትኬት ታክሱን ከኪሱ ይከፍላል። የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ማይሉ ጊዜው ያልፍበትና ታማኝነቱ ከነካርዱ ይቀራል።

ይህን ወግ ነገሌ ቦረና ላይ ማስረዳት ያስቸግራል።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የነገሌ ከብት ነጋዴ በያቤሎና በሞያሌ መንገድ በአይሱዙ ጋቢና ሲመላለስ ዕድሜውን ይፈጃል። ረዳቱ ሒሳቡን ሲቀበል «ማይልዎ ተመዝግቧል» ብሎት አያውቅም። በአቧራ ቢቆጠርማ ኖሮ ሰውዬው ገና ድሮ ባለፕላቲኒየም ካርድ ነበር!

ወረፋ እንኳ በቦረና ሥርዓት አለው። ዱብሉቅ ላይ፣ ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና የውኃ ጉድጓዶች በአንዱ፣ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ይደለድላል። ባለተራው ቀኑን ያውቃል፤ ተራው ሲደርስም «ለዚህ ቀን የተመደበው ውኃ አልቋል» የሚለው የለም። ባለወርቅ ካርዱ መንገደኛ ግን ሌሊት ተነስቶ ስልኩን ይነካካል፤ ከአዲስ አበባ ለንደን ያለው መቀመጫ በማይል የለም፣ በብር ግን እስኪበቃው ሞልቷል። የአውቶቡስ ረዳት ቢሆን «ጠጋ ጠጋ በሉለት» ብሎ አንድ ቦታ አያጣለትም ነበር።