«እዚያ ማን አለህ?»

ከሰንዳፋ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ምስጢር አይወራም። ይህን እያወቅሁ አወራሁ። አጠገቤ ለተቀመጠው ለዕድራችን ጸሐፊ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ኬንያ ሄጄ ላሳልፍ ነው» አልኩት። ጸሐፊው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና፣ «እዚያ ማን አለህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ሕክምና ነው?»

«ኧረ ጤነኛ ነኝ።»

«ስብሰባ ነገር?»

«ለመዝናናት ነው» አልኩት። ዝም አለ። ዝም ያለው ስላመነኝ አልነበረም፤ ሰው ሕመሙን ሲደብቅ አለማፋጠጥ ጨዋነት ስለሆነ ነው። ለገዳዲ ስንደርስ ከፊታችን የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ዞር እያሉ ያዩኝ ጀመር። ለገጣፎ ላይ አንደኛዋ «እግዜር ይማርህ» አለችኝ። ካራ ስንደርስ እኔንም ጎኔን ወጋ ወጋ ያደርገኝ ጀመር።

ከታክሲው ስወርድ ጥያቄው አብሮኝ ወረደ። ባለ ሱቁ ሳሙና እያቀበለኝ «ማን አለህ?» አለኝ። አክስቴ በስልክ «ማን አለህና?» አለችኝ፤ ያቺ «ና» ጥያቄውን ወደ ክስ ታሻግረዋለች። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልኝ ሴትዮ ደግሞ በኦሮምኛ «አቺ ኤኙ ቀብዳ?» አለችኝ። ያው እሱው ነው። በሁለት ቋንቋ መልስ አጣሁ።

እስቲ አስቡት፤ እኛ ዘንድ መንገድ የሚወጣው ለምንድን ነው? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለጠበል፣ ለንግድ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ። ባሕር የተሻገሩት ታላላቆቻችን እንኳ ሥራ ይዘው ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲዞሩ የአገር ጉዳይ ነበራቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ የዘለቁት መልእክተኛ ሆነው ነው፤ ሲመለሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። «ለምን ሄዱ?» ላላቸው የሚያሳዩት መጽሐፍ ነበራቸው። እኔ ተመልሼ የማሳየው የተላጠ አፍንጫ ነው።

ሕጉ ግን ከእኔ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጥና ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። አሥራ ሦስት ዓመት ያገለገልኩ ሰው 22 ቀን አለኝ። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቡት፤ «የት? ማን ኖሮህ?» የሚል አንቀጽ የለውም። ያም ሆኖ ያለፈውን ዓመት ፈቃዴን የጨረስኩት የቤቴን ጣሪያ ሳስቀይር፣ ቆርቆሮ ላይ ነው። የካቻምናውን ደግሞ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ድንኳን ስተክልና ድንኳን ስነቅል።

ኬንያን የመረጥኩት ለባሕሩ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ትልቅ ውሃ የለገዳዲ ግድብ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ የሚጠጣው እንጂ እኔ የምንቦጫረቅበት አይደለም። ሞምባሳ ግን ባሕር አላት፣ ያውም ውቅያኖስ። ኬንያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከናይሮቢ ሞምባሳ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሽ ቀን እንኳ የማይፈጅ ባቡር አለ። ደብተር ገዛሁና ዕቅዴን በቁጥር በቁጥር አሰፈርኩ። አንድ፣ የቢጫ ወባ ክትባት፤ ካርዱ አንዴ ከተያዘ ለዕድሜ ልክ ነው። ሁለት፣ እኛ የደጋ ሰዎች የወባ ትንኝን የምናውቃት በስም ስለሆነ፣ የወባ መከላከያ ክኒን ሐኪም ጠይቆ መያዝ፣ አጎበር ያለው አልጋ መምረጥ። ሦስት፣ የፓስፖርት ኮፒ ለብቻ፣ ገንዘብም ሁለት ቦታ ከፍሎ። አራት፣ መንገድ ላይ ስልክ አውጥቶ አለማውራት፤ መርካቶ ላይ ሦስት ስልክ ላስረከብኩት ለእኔ ይህ ምክር አዲስ አይደለም። አምስት፣ ከማያውቁት ሰው ዕቃ አለመቀበል።

አምስተኛው ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ዕቃ ያመጡልኝ ሁሉ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ለካ እኔ ማንም ባይኖረኝ ሰንዳፋ ናይሮቢ ውስጥ ሰው አላት። ባለ ሱቁ የሚስቱ ወንድም ኢስሊ ይኖራል። የወተቷ ሴትዮም የእህቷ ልጅ እዚያው ኢስሊ ነች። የዕድሩ ጸሐፊ፣ ያ በሽተኛ ያደረገኝ ሰው፣ አብሮ አደጉ እዚያ እንዳለ በድንገት ትዝ አለው። በመጀመሪያ የመጣው አንድ ኪሎ በርበሬ ነው። አንድ ኪሎ ምን አላት? ተቀበልኩ። በርበሬ ለመንገድ ሲታሸግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ይገባና አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ይቋጠራል። ከዚያ በሌላ ፌስታል ተገልብጦ ይቋጠራል፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ እንዳይሆን። ቀጥሎ ስኮች ይዞረዋል፣ ይዞረዋል፣ የልጆች ኳስ እስኪመስል ይዞረዋል። በመጨረሻ ማዳበሪያ ለብሶ በወስፌ ይሰፋና «ለእህቴ ልጅ ይድረስ» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽታው እዚያው ነው። አልነቃነቅም ብሎ ቁጭ።

በርበሬውን ሽሮ ተከተለው። ሽሮውን ድርቆሽ፣ ድርቆሹን ዳቦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎውን ሦስት ጊዜ ክዳኑ የታሸገ አንድ ጣሳ ንጥር ቂቤ። ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ስለተነገረኝ ተሸክሜው ወደ እህል ነጋዴው ሄድኩና የጤፉ ሚዛን ላይ አወጣሁት። 31 ኪሎ። የእኔ ሱሪ ገና አልገባም። እህል ነጋዴው ሚዛኑንም እኔንም አየና፣ «ወዴት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ማን አለህ?» አለኝ። ይሄው ብዬ ሻንጣውን አሳየሁት። «እንግዲያስ ቆይ፣» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሳይመለስ ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አሁን ስምንት ኪሎ ይቀነስ። ከማን? ከባለ ሱቁ ሽሮ ብቀንስ ከነገ ጀምሮ ዱቤ የለም። ከወተቷ ሴትዮ ቂቤ ብቀንስ ወተቱ ይቀጥናል። ከዕድሩ ጸሐፊ ድርቆሽ ብቀንስ ደግሞ፣ መቼም ሰው ሟች ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። አንድ ሌሊት አስቤ በማለዳ የራሴን አወጣሁ፤ ፎጣዬን፣ ነጠላ ጫማዬን፣ ለመዋኛ የገዛሁትን ቁምጣ። እነሱ ተሰብስበው ሁለት ኪሎ አይሞሉም፤ ግን ከእነሱ ሌላ የምቆጣው ዕቃ የለኝም። ቦሌ ላይ «ሻንጣህን ራስህ ነህ የሸከፍከው?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ «አይ፣ ከተማው ነው» ነው።

ይህን ሁሉ በሳቅ ችዬው ነበር። አክስቴ ግን ቤት ድረስ መጥታ የአውሮፕላን ትኬቴን አየችና፣ «ደርሶ መልስ ቆረጥህ? ምነው ገንዘብ ታባክናለህ?» አለችኝ። ከመቀነቷ የተጣጠፈ ብር ፈትታ መዳፌ ውስጥ ጨመረችና ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው። «እንደደረስክ ደውል፤ ከዚያም ከደረስክበት ሁሉ ደውል» አለችና አለቀሰች።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። አክስቴ ፊት ዝም አልኩ እንጂ ስትሄድ ብቻዬን ጮህኩ።

ያለፈው ዓመት ፈቃድ ቆርቆሮ ላይ ያለቀው ለምን መሰላችሁ? ሮምን ላይ ብዬ ስሙን ወደማልጠራው ኤምባሲ ሄጄ ነበር። የደመወዝ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ በሚሊሜትር የተለካ ፎቶግራፍ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ መንግሥታችን ከዚያ የሚባረሩ ዜጎቹን በመቀበል በበቂ አልተባበረም ብሎ፣ የእኛን የቪዛ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዘመው። የእነሱና የመንግሥት ጠብ፤ የሚጠብቀው እኔ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ተከለከልክም አልተከለከልክም አይመለስም። ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 90 ዩሮ ስንት ብር እንደሚሆን ለአክስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። መልሱ ሲመጣ አንድ ወረቀት ነው፤ ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአገራችን ስለመውጣትዎ ጥርጣሬ አለን ይላል። አርባ አንድ ዓመት፣ ላጤ፣ ሰንዳፋ። እንዴት አይጠረጥሩ! ጣሪያዬ እንደሚያፈስ፣ የዕድር ተራዬ እንደደረሰ፣ ቁምጣ ለብሼ ሮም ውስጥ የምኖርበት ምክንያት እንደሌለኝ የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ የለም። ፈረንጁ ላሊበላ ሲመጣ «እዚያ ማን አለህ?» ያለው ማን ነው? ላሊበላ ውስጥ ምን ዘመድ አለው? አይቶ ይሄዳል። ማየት ለእሱ በቂ ምክንያት ነው፤ እኔ ሳይ ግን ልቀር ነው!

የኤምባሲው መስኮት ጋ የተቀመጠችው ሴት እንደማልመለስ ታምናለች፤ ገንዘቤን ትቀበላለች። አክስቴም እንደማልመለስ ታምናለች፤ ገንዘብ ትሰጠኛለች። ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ነው አልኩ፣ በንዴቴ።

ብሩን ስፈታው ግን ሁሉም አስር አስርና ሃምሳ ሃምሳ ብር ነው፤ እንቁላል ሲሸጥ እንደሚጠራቀም ብር። ንዴቴ አብሮ ተፈታ። አክስቴ ሬዲዮ ትሰማለች። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ የሚባል ቦታ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ሲገኙና ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል ሰምታለች። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን ታንዛኒያን አቋርጦ፣ ደቡብ አፍሪካን ተስፋ አድርጎ የሚሄደውን ልጅ ታውቃለች፤ ማን ደውሎ ማን እንዳልደወለም በጣቷ ትቆጥርልሃለች። ለአክስቴ ኬንያ የመንገድ ስም ነው። በዚያ መንገድ ለመዝናናት የሄደ ሰው እስካሁን አልገጠማትም።

በዚህ መሀል የኬንያውን ጉዞ የኢንሹራንስ ቅጽ አወጣሁ። ሁሉን ሞልቼ አንድ መስመር ቀርቶኝ ነበር፤ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው፣ በሚሄዱበት አገር» ይላል። ረጅም ጊዜ አየሁት። ያው «እዚያ ማን አለህ?» ነው፣ ክራቫት አስሮ የመጣ። የሦስት ሳምንት ሳቄና ንዴቴ ተደምሮ አንድ ስም አላወጣልኝም። ተነሥቼ ባለ ሱቁ ጋ ሄድኩና የሚስቱን ወንድም ስልክ ተቀብዬ ጻፍኩ። አይቼው የማላውቀው ሰው ነው፤ ሽሮውን ግን እኔ ነኝ የያዝኩት።

ይህን ያህል ካደረግሁ ሰላም ልበለው ብዬ ደወልኩ። ሰንዳፋ ስለው ድምፁ ፈካ። ዝናቡን ጠየቀኝ፣ የአባቱን ጉልበት ጠየቀኝ፣ ከፖሊስ ኮሌጁ ፊት ለፊት የነበረችው ሻይ ቤት አሁንም አለች ወይ አለኝ። ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቀኝ።

«አሥር ቀን» አልኩ።

«አሥሩንም እኛ ጋ ነህ።»

«አይ፣ እኔ እንኳ በማግስቱ ወደ ሞምባሳ ላልፍ ነበር።»

መስመሩ ላይ ትንሽ ጸጥታ ሆነ።

«ሞምባሳ?» አለኝ። «ሞምባሳ ማን አለህ?»

ትናንት ማታ ቁምጣዬን እንደገና ሻንጣው ጫፍ ላይ ልሸጉጠው አነሣሁት። ለሁለት ቀን ብቻ ነው እዚያ ውስጥ የቆየው፤ በርበሬ በርበሬ ይላል። አጥቤ አሰጣሁት። እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የአዲሱን ቆርቆሮ ድምፅ አዳመጥኩ፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር። በበርበሬ የታሸ ቁምጣ ለብሶ ጨዋማ ውሃ ውስጥ መግባት ምን እንደሚያመጣ ጸሐፊውን ልጠይቀው ይገባል። ብቻ እንደገና ታመመ ብሎ እንዳያስወራብኝ።