ለባለ ጂንሱ ጀግና

«እኔ ጂንሴ ይበቃኛል!» አለ። ወገኖች፣ ሰማችሁልኝ? ሞተረኛ ነው እኮ! ጠዋት በአስፋልት ቢሮ ይገባል፤ ከሰዓት መስክ ወጥቶ ኮረኮንች ላይ ሲዘል ይውላል። ለሁለቱም መንገድ ያሰናዳው አንድ ጂንስ ነው። እሱም ጉልበቱ ላይ የተቀደደ! ፋሽን ነው ይላል። ጎበዝ! አስፋልቱ በነፃ ሊቀድልህ ያሰበውን ብር ከፍለህ ቀደድክለት!

«ጂንስ ጠንካራ ነው!» ለማን? ሌቪ ስትራውስና ጃኮብ ዴቪስ በ1873 ኪሱን በመዳብ ሪቬት ያጠነከሩት ለሠራተኛ ነው። ለሚቆፍር እንጂ ለሚንሸራተት አልተሰፋም። ተራ ጥጥ አስፋልት ላይ ከተጎተተ ገና «እናቴ!» ብለህ ሳትጨርስ ያልቃል፤ ተራው የቆዳህ ይሆናል። ቆዳ ማስለፋት ካማረህ ሞጆ ፋብሪካ አለልህ። እናትህ ስንት ለፍታ ያሳደገችውን ቆዳ አስፋልት ለምን ያለፋዋል?

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው!» ደግሞ ይለኛል። አንተ ቀስ በል፤ ከኋላህ የሚመጣው ሲኖትራክ ሰምቶሃል? ከቅያሱ ዘላ የምትወጣው አህያስ ጌጅህን አንብባ ነው የምትወጣው? በ40 ብትወድቅም ከሥርህ ያለው ያው አስፋልት ነው። ለቀርፋፋ ፍራሽ አይነጠፍለትም።

«እሺ፣ የሞቶክሮስ ሱሪ እገዛለሁ፤ ከለሩ ራሱ ያበራል!» ያ ሱሪ አፈር ላይ ለሚዘልና አፈር ላይ ለሚወድቅ ተወዳዳሪ የተሰፋ ነው። ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዳሌው ላይ ብዙ ጊዜ ምንም የለውም። የጉልበቱን መከላከያም ተወዳዳሪው ለብቻው ገዝቶ ከሥር ያጠልቀዋል። ስስ ፖሊስተር አስፋልት ላይ ሲፋተግ ይግላል፤ ሲግል ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ቆዳህ ላይ ይለጠፋል። የቀለጠ ሀብታም ለመምሰል የሚቀልጥ ሱሪ ይገዛል እንዴ?

አሁን ተናደደላችሁ። «እንግዲያው ድፍን ቆዳ ሱሪ!» አለ። ለአስፋልቱ እሰየው፣ ቆዳ መፋተግን ይችላል። ፒስታ ላይ ግን ቆመህ፣ ጎንበስ ቀና እያልክ ነው የምትነዳው። ድፍን ቆዳ አይለጠጥልህም፣ አየር አያስገባልህም፣ ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ቶሎ አይደርቅልህም። አዋሽ ላይ ትቀቀላለህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትንቀጠቀጣለህ። በአንድ ሱሪ ሁለት ቅጣት!

«ለሁለቱም የሚሆን ሱሪማ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው» ልትለኝ ነው? ተረትህን ያዘው፤ ሱሪው አለ። ጎመኑ ሳይመርጥ የሚገዛው ነው። መቀመጫው፣ ዳሌውና ጉልበቱ ወፍራም ናይለን ይሁን፤ ኮርዱራ የሚሉት ዓይነት። ከጉልበቱ በላይና ከወገቡ በስተኋላ የሚለጠጥ ጨርቅ ይግባበት፣ ቆመህ ስትነዳ እንዳይዝህ። ጉልበቱ በውስጥ በኩል ቆዳ ይለበጥ፤ ነዳጅ ታንኩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ከማርሚታውም ግለት ያድንሃል። መቀመጫውን ገልብጠህ ስፌቱን ቁጠር፤ ሁለት ሦስት ረድፍ ካልሆነ ተወው። ጨርቁ ጠንክሮ ስፌቱ የሚተረተር ከሆነ ሱሪ አልገዛህም፣ ተረት ነው የገዛኸው!

ደግሞ ዋጋውን ብቻ አታንብብ፤ ውስጥ የተሰፋችውን ምልክትም አንብብ። ኢኤን 17092 የሚባለው የአውሮፓ መስፈርት በ2020 ሲወጣ የሞተር ልብስን በአምስት ደረጃ ከፍሎታል። ቁንጮው ሦስት ኤ፣ ቀጥሎ ሁለት ኤ፣ ከዚያ አንድ ኤ። ቢ መፋተጉን ይችላል፣ የግጭት መከላከያ ግን የለውም። ሲ መከላከያውን ከመያዝ በቀር ለብቻው ከአስፋልት አያስጥልም። ትምህርት ቤት ኤ አልቀናህም ይሆናል፤ እዚህ ጥንድ ኤ በብር ይሸጣል፣ ግዛው! ለከተማም ለኮረኮንችም የሚሆንህ ሁለት ኤ ነው። ሦስት ኤ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ይሞቃልም። አንድ ኤ ላይ ደግሞ የዳሌ መከላከያ ግዴታ አይደለም። ዳሌ ለዘፈን ግጥም ብቻ የተፈጠረ መሰለህ? በጎንህ ስትወድቅ መሬቱን የሚመታው እሱ ነው!

የጉልበቱን መከላከያ «ስፖንጅ ነው» ብለህ የናቅከው አንተ ነህ? ኢኤን 1621-1 በሚባለው ፈተና 5 ኪሎ ብረት ይለቀቅበታል። አምስት ኪሎ ስልህ ሰፈሩ አይደለም፣ ክብደቱ ነው! በደረጃ 1 አልፎ የሚደርስብህ ኃይል በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም፤ በደረጃ 2 ከ20። ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበትህ ይተርፋል። ስለዚህ ደረጃ 2 ፈልግ፤ በሒሳብ ብትወድቅም በመንገድ አትውደቅ!

ሱቅ ገብተህ መስታወት ፊት አትሽኮርመም። ሞተርህ ላይ ተቀምጠህ ጉልበትህን እጠፍ። መከላከያው የጉልበት ሎሚህን ሸፍኖ ወደ ቅልጥምህ መውረድ አለበት። ከዚያ መርገጫው ላይ ቁምና ጎንበስ በል። ቁጭ ስትል ሎሚው ላይ የነበረው፣ ስትቆም ጭንህ ላይ ከወጣ አይሆንም። በጣትህ ይዘህ ወደ ጎን አዙረው፤ ከዞረልህ ሱሪውን መልሰህ ስቀለው። ሱቅ ውስጥ የዞረልህ መንገድ ላይ ይዞርብሃል፤ ያኔ ሎሚህን የሚጨምቀው አስፋልቱ ነው!

ታችኛው ጫፍም አይረሳ። ቦትህን እንዲያስገባ ረጅም ዚፕ ይኑረው፤ ከዚያ ጥብቅ ብሎ ይታሰር። የተንዘረፈፈውን ካቴና ይበላዋል። ካቴና የያዘው እግር ደግሞ በዋስ አይወጣም!

«ይሞቀኛል!» ጭኑ ላይ በዚፕ የሚከፈት መተንፈሻ ያለውን ምረጣ! ላብ በውሃ ይለቃል፤ የአስፋልት ጠባሳ ግን በየትኛው ሳሙና? «ክረምቱስ?» የዝናብ ሱሪውን ለብቻ ያዝና ከላይ ደርበው። ውሃ መከላከያው ከውስጥ ብቻ ከሆነ አንተ ደርቀህ ሱሪው ይርሳል፤ ያንን እርጥብ ጨርቅ ተሸክመህ በነፋስ ስትገረፍ ትውላለህ።

ቀረችው አንዲት ክርክር፤ «ውድ ነው!» ውድቀቱ ከዚህ ይወደዳል! ከአሜሪካ የምትመጣ እህትህን «ስልክ አምጪልኝ» ማለት ታውቅበታለህ፤ «ሱሪ አምጪልኝ» በላት። ስልክህ ከቨር ለብሷል፣ ጉልበትህ ራቁቱን ነው። የሞተርህ መቀመጫ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ትሳሳለታለህ፤ የራስህን መቀመጫ ግን በስስ ጨርቅ አስፋልት ላይ ታሰጣለህ! ሱሪ በአንገት አውልቅ ያለህ የለም። ከወደቅክ ግን ድንገተኛ ክፍል በአንገትም በእግርም አያወልቁልህም፤ በመቀስ ነው! የመረጥከው ጂንስ እዚያው ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል።

ወገኖች፣ እናንተ ፍረዱ። አንተም መልስ ካለህ ደህናውን ሱሪ ታጠቅና ቆመህ ተከራከረኝ። ለመቆም ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይኸው እኔም የምሟገትልህ ለእሱ ነው!