የማይረጥበው ጃኬት

በአሪቻ ቀበሌ ቡና እንደ አራስ ነው የሚጠበቀው። እሸቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች እየዞሩ እንከን ያለበትን ይለቅማሉ፤ ዝናብ ሲያስገመግም ይሸፈናል። ኋላም ናሙናው ተቆልቶ፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ባለቤቱ ግን ቡናውን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ በዲላ በኩል ሐዋሳ ሐይቅ በጀልባ ለመንሸራሸር ሲወርድ ምርመራው አጭር ነው፦ «ከፈላችሁ? ግቡ!»

ይህን ቸልተኝነት የሚል ሰው የንብረት አያያዝ አይገባውም። ላይፍ ጃኬቶቹ'ኮ አሉ! ከመቀመጫው ሥር በሲባጎ ተጠፍረው ታስረዋል። ተሳፋሪ ቢለብሳቸው ላብ ይነካቸዋል፤ ውሃ ቢገባባቸው ይበላሻሉ፤ ታዲያ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ሊቆጠር ነው? ጃኬቱ 8፣ ተሳፋሪው 14 ቢሆንም ችግር የለም፤ የታሰረ ጃኬት ለ14ቱም እኩል ይደርሳል።

ጉማሬዎቹ ዘንድ ሲደረስ ጀልባዋ ጠጋ ትላለች፤ ፎቶ ከሩቅ አያምርም። ሁሉም ለሰልፊ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከታች ያለው ውሃ ጥልቁ ጋ 20 ሜትር ያልፋል። ቢሆንም ስጋት አይግባችሁ፦ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንኳ ጃኬቶቹ አንድም ሳይጎድል ከነሲባጎአቸው ይገኛሉ። የተቆጣጣሪው ቅጽም የሚጠይቀው ስለ ጃኬቶቹ ነው።